በምዕራቡ መስኮት ላይ ያለው ፊትሽ

ውድ ራኬል፣

«ክብርት ኮሚሽነር» ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አፍንጫሽ ሲነስር በቀሚሴ የጠረግሁልሽን ልጅ ምን ብዬ ክብርት ልበል? ለቢሮሽ ሁለት ጊዜ ጽፌ «አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል መልስ ማሽን ላከልኝ። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ በቤትሽ በር ሥር አስገብቼዋለሁ። ሐሙስ በመብራት ታሪፉ ላይ ድምፅ ከመስጠትሽ በፊት አንብቢው።

እማዬ የምርጫ ሰሌዳሽን አልጣለችውም። ፀሐይ እንዲከልልላት በምዕራቡ መስኮት ላይ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙራ አቁማዋለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ብርሃኑ ከኋላ ይመታውና ፊትሽ ሳሎኗ ውስጥ ይቀላል። ከሥሩ «ከጎናችሁ ነኝ» ይላል።

አሥር ሰዓት እዚህ የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ምን እንደሆነ መቼም አልረሳሽውም። ከአሥር እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መብራት ዋጋው ስለሚሰቀል፣ ሁሉም ቤቱን ከቀትር ጀምሮ ያቀዘቅዝና አሥር ሲሆን ኤሲውን ያጠፋል። ከዚያ የሚወርደውን ዝምታ አልወደውም። ጣራው ብቻ ቋ ቋ ይላል። አንድ ሰዓት ሲሞላ እማዬ መጥበሻዋን በማንኪያ እየደበደበች ትወጣለች። «አብሩ! አብሩ! ሞታችሁ ለመብራት ኩባንያው አታትርፉለት!» በምርጫው ጊዜ አንቺም ከኋላዋ እየሳቅሽ ዞረሻል፣ ፎቶም ተነስተሻል።

እዚህ ሙቀቱ በሚብስበት ወር፣ ባለፈው ሐምሌ፣ ኤሲዎቹ ተራ በተራ ሲነሱ እማዬ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። «የዌንደል አልተነሳም» አለች። በሩን ገፍተን ስንገባ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ እንደተቀመጠ ነው። ውኃው ሞቋል። ሐኪሙ የሞቱን ምክንያት «ልብ» ብሎ ጻፈ። ኩባንያው አበባ ላከ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን ደግሞ ዋጋውን እንጨምር፣ ውዱን ሰዓትም እስከ ምሽቱ ሦስት እንግፋው አሉ። ኮሚሽንሽ ሕዝቡን በጠራበት ስብሰባ ላይ የኩባንያው ጠበቃ ምን እንዳለ ሰምተሻል። «ባለአክሲዮኖቻችን የሚገባቸውን ትርፍ ካላገኙ ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ይሄዳሉ።»

እማዬ ማይክሮፎኑን ጨበጠች። «አንተ ልጄ፣ እነሱስ መሄጃ አላቸው። እኔ መብራት ከማን ልግዛ? ከጨረቃ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ግን ወረቀትሽን አገላበጥሽ። «ሦስት ደቂቃዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን። ቀጣይ?» አልሽ። እናትሽ የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ አቅፋ ያስተኛችሽን ሴት ስሟን እንኳ አልጠራሽም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «አየሻት?» አልኳት።

«ሰው ፊት ምን ታድርግ? ድምፅ ሲሰጥ ታያለሽ። ያበላኋት ልጅ አትከዳኝም።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ እማዬ።»

ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

አፏ እንደዚያ ይበል እንጂ ልቧ ፈርቷል። ልምምድ ጀምራለች። ገና ግንቦት ነው፣ እሷ ግን ከወዲሁ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ኤሲውን አትነካውም። «ሰው የማይለምደው ነገር የለም» ትላለች። እኔ ልክፈልልሽ ብላት «ጎረቤቶቼ እየተቃጠሉ እኔ ብቻዬን ልቀዝቅዝ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጨልሟል። ሰሌዳሽ ሥር ተቀምጣለች። እጇን ስነካው ይፋጃል፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለውም። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

«ራኬል፣ መጣሽ? እኔ እኮ ትመጣለች ብያቸው ነበር። ቁጭ በይ፣ ሾርባው ደርሷል።»

ሾርባ አልነበረም። ምድጃው አልተለኮሰም። ራኬል፣ እኔን የወለደችኝ እናት እኔን አላወቀችኝም። ፎጣ አርሼ ጠቀለልኳት፣ ኤሲውን አበራሁ፣ አምቡላንስ ጠራሁ። ሰዎቹ ደርሰው ነፍስ ስትዘራ መጀመሪያ የተናገረችው «ለምን አበራሽው? ሰዓቱ እኮ አልደረሰም!» የሚል ነው። ገና ግንቦት ነው ብያለሁ። ሐምሌ ሲመጣ እኔ ከሥራ የምደርሰው ያው በዚያው ሰዓት ነው።

ረቡዕ በአሥር ሰዓት ነዪ። ስጦታም ፎቶ አንሺም አታምጪ። ዌንደል የተቀመጠበት ዓይነት ወንበር አለን፤ ከጎኗ ተቀምጠሽ እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቂ። ሐሙስ ከዚያ በኋላ እንደ ሕሊናሽ አድርጊ።

ካልመጣሽም ሰሌዳሽን አላወርደውም፤ ፀሐይ ይከልልላታል። እኔ ግን በዚህ በጋ ማታ ማታ ኤሲዎቹ ሲነሱ ደጅ ቆሜ የእሷን አዳምጣለሁ። ያልተነሳ ዕለት መጀመሪያ የምደውለው ለአምቡላንስ ነው፣ ቀጥሎ ላንቺ። ስልክሽን አትዝጊ።

ከአንድ ሳህን አብራሽ የበላችው፣
ኢርማ