በራሱ የሚደውለው ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሰው ዝምተኛ ነው ይለኛል። ታጋሽ ነው ይለኛል። ውሸት ነው... ቂመኛ ነኝ። ለሟቿ ሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ክፉ ቃል አንዴ ሆዴ ከገባ አይወጣም። እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይፋፋል። እኔም ከላይ ፈገግ ብዬ አንሶላ እተኩሳለሁ።

ዛሬ በሥራ በኩል ምንም የለም። ሆቴሉ እንግዳ ሞልቶታል፤ የመተኮሻ ክፍሉ እንደ ምድጃ ነው። ማታ ልጄ መጣች። የአሮጌው ስልኬ ባትሪ አብጦ ጀርባውን ገንጥሎት ነበርና አዲስ ገዝታልኛለች። ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከእጅ የሚሾልክ ነገር።

«አባዬ፣ ፊትህን እያየሁ ላውራህ ብዬ ነው።»

የቅርብ ሰዎችን ፎቶ ከፊቱ ደረደረችልኝ። ፎቶውን ስትነካው ይደውላል። ከላይ ጥጉ ላይ ያስቀመጠችው ዋርሳዬን፣ የእናቷን ወንድም።

«እሱን ለምን?»

«አጎቴ ነዋ።»

ዝም አልኩ። ይኸው ዝምታዬ።

ከቀብር ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሦስት ዓመት። ለቀስተኛው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ተነስቶ፣ «እህቴ ስታስል እያየ፣ ያልፍልሻል እያለ አስቀምጦ ገደላት» አለ። አልመለስኩለትም። አሁንም አልመለስኩለትም። እውነት ይኑረው አይኑረው... እሱን አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ስልኩ ጤና የለውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ማንም ሳይነካው በራ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። የማይታይ ጣት የሚሄድበት ይመስላል። ከዚያ የዋርሳዬ ፊት ብቅ አለና መጥራት ጀመረ። እንደ ዝንብ በመዳፌ መታሁት። ተዘጋ።

አብራኝ የምትተኩሰው ሴትዮ፣ ወሬ ስለማታቋርጥ ራዲዮ የምንላት፣ በሳቅ ሞተች።

«ጋሼ፣ አንተ አልናገር ስትል ስልክህ ሊናገርልህ ነው።»

አልሳቅሁም። እዚያ ማዶ ጥሪዬን አይቶታል። ልለማመጠው የደወልኩ መስሎት ይሆናል። እኔ? እሱን?

ፎቶውን ላጠፋው ሞከርኩ፣ አልቻልኩበትም። ልጄን ብጠይቃት «ለምን?» ትለኛለች።

ኀሙስ፣ ኅዳር 5

ሱቁ ሄድኩ። ይኼ ከንቱ ዕቃ ሻጩ እጅ ሲገባ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀመጠ።

«ይኸው ይሠራል፣ ፋዘር።»

«እዚህ ሲሆን ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው እዚሁ ያስቀምጡታ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። ቀጥሎ የሲም ካርዱን ማስገቢያ ስቦ አወጣና በመብራት አየው። ውስጡ ቀይ ምልክት አለ። ውሃ ሲነካው የሚቀላ ነው አሉ።

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ልብስ መተኮሻ።»

«በቃ፣ አለቀ። እንፋሎት ነው። ዋስትናው አይሸፍነውም።»

ሥራ ስገባ ሳጥን ውስጥ እንደምቆልፍበት ነገርኩት።

«እንፋሎት ቁልፍ አይጠይቅም፣ ፋዘር።»

አባቱ አይደለሁም። እንደሱ ያለ ልጅ አይስጠኝ። ከሱቁ እስከ ቤቴ በሐሳቤ በጥፊ ስመታው መጣሁ። አፌ ግን ስወጣ «ደህና ዋል» ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ጸሎቴን ጮክ ብዬ ነው የማደርሰው። ቤቱ ጸጥ ሲል ስለሚከብደኝ። ዛሬ ጠዋትም እንደ ወትሮው ቆምኩ። የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነውና ስልኩ አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለልጄ ጸለይኩ። ለሟቿ ጸለይኩ። መጨረሻ ላይ የማልዘላት አንዲት ቃል አለች፣ እሷ ላይ ደረስኩ።

«በሰው ፊት ያዋረደኝን አንተ ታውቀዋለህ። እኔን ያሳየኸኝን እሱንም በሚስቱ አሳየው።»

ይኸው ጻፍኩት። በቀለም ሲታይ ከአፍ ይልቅ ይከፋል።

ከጠረጴዛው ድምፅ መጣ።

«ሰማሁህ።»

ዞር አልኩ። ስልኩ በርቷል፣ ፊቱ ላይ የዋርሳዬ ፎቶ።

«ሰማሁህ፣ አንተ ሰውዬ። እሷም ሰምታሃለች።»

ድሮ ጋሼ ነበር የሚለኝ። ዘጋው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ልጄ እያለቀሰች ደወለች።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?»

አንድ በአንድ ነገረችኝ። የዋርሳዬ ሚስት ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶባታል። አርብ ቀዶ ጥገና ትገባለች። አልሰማሁም ነበር... ማን ይነግረኛል? ትናንት ቁርስ ላይ ሳሉ ስልኩ ጠራ። ስሜን ሲያይ መታመሟን ሰምቼ ልጠይቃት የደወልኩ መሰለው። ደስ አለው። «ጋሼ ነው፣ ጋሼ ደወለ» ብሎ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገላት።

ድምፁን ከፍ አደረገላት።

አሁን ቀዶ ጥገናውን እምቢ ብላለች። «እርግማን ተሸክሜ ቢላ ሥር አልተኛም» ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ ቀኑ ካለፈ አደጋ ነው ብሏል።

«ልጄ፣ እኔ አልደወልኩም። ስልኩ በራሱ ነው የደወለው።»

«ስልኩ ነው ብትል ማን ያምንሃል?»

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሥራ አስፈቅጄ ሱቁ ሄድኩ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምን ፈለጉ?»

«እስኪያብድ እጠብቃለሁ።»

«ፋዘር፣ ደንበኛ እያስፈሩብኝ ነው።»

«ይፍሩ።»

«ዘበኛ ልጥራ?»

«ጥራ። እሱም ይይልኝ።»

በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ነገሩ ደስ አለኝ፣ ይህም ያስፈራል። አንዱ ገዢ ከኋላዬ «ሽማግሌው ሥራ ፈቷል» አለ። ዞሬ «አዎ፣ ተራህን ጠብቅ» አልኩት።

ብዙ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ያ ርኩስ ዕቃ በራ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ የዋርሳዬ ፊት ወጣ። ከሻጩ ጋር ተሻምተን ዘጋነው። አንዲት ወይዘሮ የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «የእኔም ላዩ ጥግ እንዲህ ያደርጋል፤ ለሱ ስነግረው እጅሽ ላብ አለው አለኝ» አለች። ሻጩ ፊቱ አመድ መሰለ። ባለቤቱ ከጓዳ ወጣ። ለካ የዚያ ዓይነት ስልክ ስክሪኑ ብልሽት እንዳለበት ያውቃሉ... እያወቁ ነው በእንፋሎቴ ያሳበቡት።

ሌላ ዓይነት ስልክ ሰጡኝ። «ወረቀትም ስጡኝ» አልኩ። ጻፉልኝ። «የስክሪን ብልሽት ስላለበት ባለቤቱ ሳይነካው ይደውላል።» ማኅተሙንም ቁጭ ብዬ አስመታሁ።

እንደ ጦር አሸናፊ ነው የወጣሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የወረቀቱን ፎቶ ለልጄ ላክሁላት። ወስዳ ለዋርሳዬ ሚስት አሳየቻት። ማታ ደወለች።

«እትዬ ሁለቴ አነበበችው፣ አባዬ።»

«እህሳ? አመነች?»

«አመነች። 'ስልኩ እንደደወለ ተጽፏል፤ ስለ ጸሎቱ ምን ተጽፏል?' አለችኝ።»

ምን ዓይነት ነገረኛ ሴት ናት ብዬ ተቆጣሁ። ስልኩን ዘግቼም ከግድግዳው ጋር ስነታረክ አመሸሁ። የተበደልኩት እኔ። የተዋረድኩት እኔ። የተሰለልኩትም እኔ... ሰው በቤቱ ከፈጣሪው ጋር የሚያወራውን ማን ስማ አለው?

እኔስ? የእግዜርን ጆሮ በእንዲህ ያለ ነገር ማን ሙላው አለኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለጸሎት ቆምኩ። አፌ አልከፈት አለኝ።

ሥራ ቦታ ካውያውን አንሶላ ላይ ረስቼ አቃጠልኩ። እዚህ ቤት ስሠራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ራዲዮ መጥታ ቡናማውን ጠባሳ አየችው።

«ማን መስሎህ ነው፣ ጋሼ?»

አንሶላውን አጥፌ ጠባሳውን ወደ ውስጥ ደበቅሁት። ማን እንደመሰለኝ ግን አውቀዋለሁ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 12

ነገ ነው ቀኑ። ልጄ ጠዋት ደወለች፤ እምቢታዋ እንደጸና ነው። ዋርሳዬ ለምኗት ለምኗት ደክሞታል።

ከሥራ እንደወጣሁ ቤታቸው ሄድኩ። ወረቀቱን ይዤው ነበር፤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። ዋርሳዬ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ቤቱም ሱቁም አንድ ግቢ ነው። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ተደግፎበት በየመስታወቱ ራሴን እያየሁ ገባሁ። ደስ የሚል አይደለም።

በሩን ራሱ ከፈተ። ከስቷል። እጁን በመቃኑ ላይ ዘርግቶ አጠረኝ።

«ምን ቀረህ?»

«ልናገር ነው የመጣሁት።»

«ተናግረሃል። ስልክህ ጥሩ አድርጎ ያሰማል።»

ሚስቱ ከውስጥ «አስገባው» አለች። እጁን አላነሳም። «አስገባው አልኩህ።» ጎንበስ ብዬ በክንዱ ሥር አለፍኩ።

ሶፋው ላይ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። እንዲህ ቢጫ ሆና አይቻት አላውቅም። ቆሜ ነገርኳት።

«ስልኩ ደወለ እንጂ ቃሉ የእኔ ነው።»

«አንድ ቀን ተናደህ ነው?»

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አዎ ብል ይቀለኝ ነበር።

«አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ነው። ጠዋት ጠዋት።»

ዋርሳዬ ከኋላዬ ትንፋሹ ይሰማኛል። የሚመታኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርኩ። አልመታኝም።

«እኔ ምን በደልኩህ?» አለች።

«ምንም። የእሱ በመሆንሽ ነው።»

«እኔ ግን ያልኩትን አልመልስም» አለ እሱ። «እህቴ ስታስል ነበር። ዝም አልክ።»

«አትመልስ። ስታስል ነበር፤ ዝምም ብዬ ነበር። እኔ የመጣሁት የራሴን ልመልስ ነው።»

እሷ ፎጣዋን ሰብሰብ አድርጋ ወለሉን አሳየችኝ።

«እንግዲያው እዚህ። ጮክ ብለህ፣ እንደዚያን ቀን።»

ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማነው፤ ማንም አልሳቀም። ጮክ አልኩ። ያ ቃል ከእሷ ላይ ይነሳ፣ የሚወድቅበት ቦታ ካጣ በእኔ ላይ ይውደቅ አልኩ። የሐኪሙን እጅ እንዲይዝለት ለመንኩ። ስሟን ጠራሁ። ቀጥዬ የእሱን ስም ጠራሁ። ለክፉ እንጂ ለደግ ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ በሹክሹክታ ቀረ፤ የተሰማም አልመሰለኝም።

ደግሜ ጠራሁት።