ቫትራውን ያጠፋው ሰው

ውድ ወንድሜ ኦኑፍሪ፤

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ብጀምር «ሃያ ሁለት ዓመትም መሰንበት ተባለ?» ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እንዴት ነህ? ጤናህስ? በእንጨት መሰንጠቂያው ሥራ የተጎዳው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ስታና ደህና ናት? ያስናስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? ለፋሲካ በላክኸው ፎቶ ላይ ዓይኗ ቁርጥ የእናታችንን ዓይን ነው፤ ባለቤቴ ኦዶኪያ አይታው አለቀሰች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባታችን ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞላቸው። ጆሯቸው አሁንም የጎረቤቱን ሹክሹክታ ይለያል፣ ዓይናቸው ግን ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል። ነጠብጣቧ ላም ወልዳለች። ድንቹ ዝናብ በዝቶበት ግማሹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በቆርቆሮ ተለወጠ፤ አባባ «የድስት ክዳን አስመሰሉት» እያሉ ሲሳደቡ ይውላሉ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው። በየዓመቱ በምልክልህ የበዓል ካርድ ላይም የማደርገው ይህንኑ ነበር። ስለ ላም፣ ስለ ድንች፣ ስለ ዝናብ ጽፌ ቦታው ሲያልቅብኝ ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን ወረቀቱን አብዝቼ ገዝቻለሁ።

መንጋው ከተራራው መስክ በወረደ በሳምንቱ አንዲት ሴት ከቼርኒቭሲ ከተማ መጣች። ሶሎሚያ ትባላለች። ሥራዋ ቃል መልቀም ነው፤ እኛ እንጉዳይ እንደምንለቅመው እሷ መንደር ለመንደር እየዞረች ቃል ትለቅማለች። ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ እያንዳንዱ መንደር አንድ ነጥብ ነው፤ የኛዋ ዛሪቺካ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሆና ተጽፋለች። ዘንድሮ የምትፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው አለችን፤ ቫትራ። «ለአንድ ቃል ይህን ሁሉ ዳገት ወጣሽ?» ብላት፣ «ቃሉ ስድስት አገር ሲዞር ኖሮ እኔ አንድ ዳገት ብወጣ ምን አለበት?» አለችኝ።

አባባ ደስታቸውን ብታይ! ባለጥልፉን የበግ ቆዳ ሰደርያ አስወጥተው ለበሱ። «ቫትራ ማለት እሳት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው ተቆጡ። «እሳትማ ምድጃ ውስጥም አለ፤ ማንም ጠዋት ተነስቶ ይለኩሰዋል። ቫትራ የመስኩ ነው፣ ልጄ። በሰኔ መንጋው ሲወጣ ሁለት ሰው ደረቅ እንጨት ላይ ጠፍር ጠምጥሞ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየጎተተ ነው የሚያስወልደው። ከዚያ ወዲያ መንጋው እስኪወርድ አይጠፋም። ክብሪት አያውቀውም። ፍሙም ከጎጆ አይወጣም፤ ቄሱ መጥቶ ቢለምን አይሰጠውም» አሉ። ሴትዮዋ ትጽፋለች፣ መቅረጫዋም ይቀርጻል። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ጠፍቶ ያውቃል?» አለች።

እኔ አይብ እየቆረጥኩ ነበር። አባባ «አንዴ» አሉ። «ጻፊው፣ እኔ የምደብቀው የለኝም። ቫትራችንን ልጄ ኦኑፍሪ አጠፋው፤ እንቅልፍ ወስዶት።» እሷም ጻፈችው። ቃሉን ከነአረፍተ ነገሩ ልክ እንደተነገረ፣ ከነስሙ ታትማለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው ብላናለች። እኔ አይቡን ቆርጬ ጨረስኩና «ብዪ እንጂ» አልኳት። ያደረግሁት ይኸው ነው፣ ኦኑፍሪ። ስምህ ከነሐሰቱ መጽሐፍ ሲገባ እያየሁ አይብ አቀረብኩ።

የዚያን ክረምት ነገር እንደምታውቀው አውቃለሁ። ግን በኔ አፍ ተነግሮህ አያውቅምና ልጻፈው። የመስኩ አለቃ አባባ ነበሩ፣ የቫትራው ጠባቂ አንተ። አንተ ጨው ልታመጣ ወደ መንደር ስትወርድ ለሁለት ቀን ለኔ ተውክልኝ። «ታናሲ፣ ከጎጆው እንዳትርቅ፤ ሰማዩ አላማረኝም» ብለኸኝ ነበር። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ሕፃን አልነበርኩም። ከሰዓት በኋላ እነ ኦዶኪያ ከማዶው ተዳፋት እንጆሪ እየለቀሙ ሲዘፍኑ ሰማሁና ሄድኩ። አንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነበር፤ ሦስት ሆነ። ዝናቡ ከጭስ መውጫው ገብቶ ስመለስ አመዱ ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። እጄን ከተትኩበት፤ እስከ ታች ቀዝቅዟል።

እረኞቹ ከአለባ ሊመለሱ ትንሽ ነው የቀራቸው። ጥለኸው የሄድከው ካፖርትህ ኪስ ውስጥ ክብሪት አገኘሁ። ሁለቱ የክብሪት እንጨቶች ረጥበው እምቢ አሉኝ፤ ከምድጃው ድንጋይ ሥር ጣልኳቸው። ሦስተኛው ያዘልኝ። አባባ ሲገቡ እሳቱ ይነዳል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ እኔ የበቆሎ ገንፎ አማስላለሁ። «ጎበዝ» አሉኝ።

በሳምንቱ ያ መብረቅ የሰው አሥራ አንድ በግ ከጥዱ ሥር ሲጨርስ፣ አባባ «ቫትራው ቢነካ ነው» ብለው ምክንያቱን ፍለጋ አመዱን ጠርገው ድንጋዩን አነሱ። ሁለቱን ክብሪት በመዳፋቸው ይዘው ባለበጎቹ ፊት ሲቆሙ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከአንተ ሌላ ክብሪት ይዞ የወጣ አልነበረም። አንተ ክብሪቱን አየህ፣ ቀጥለህ እኔን አየህ። ከዚያ «አዎ፣ አባባ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ» አልክ። መቆስቆሻውን ከእጅህ ተቀብለው «ከእንግዲህ እሳቴን አትንካ» ሲሉህ እኔ አጠገብህ ነበርኩ፤ ክርናችን ይነካካ ነበር። ለምን እንደሸፈንከኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም። መልሱን ፈርቼ ነው።

በመኸር አንተ ከአገር ወጣህ፣ እኔ ኦዶኪያን አገባሁ። ሠርጌ ላይ አባባ «የቀረኝ ልጅ» ብለው መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። እናታችን ስታጣጥር «ኦኑፍሪን ጥሩልኝ» አለች። አባባ አላስጠሩህም። እኔ ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ትመጣ ነበር፣ እሷም አይታህ ትሞት ነበር። አልተነፈስኩም። ከሁሉ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ከእሳቱም፣ ከክብሪቱም ይብሳል።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከሴትዮዋ ፖስታ መጣ። ከመታተሙ በፊት አይታችሁ መልሱልኝ ብላ የኛን ገጽ ልካለች። አባባ «አንብብልኝ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ገጹ የሚጀምረው ከሌሎች አገሮች ነው። ሮማኒያውያን ቫትራ የሚሉት የቤታቸውን ምድጃ ነው፤ መንደር የቆመበትንም መሬት በዚሁ ይጠሩታል። አልባኒያውያን አፋቸው ላይ ጥቂት ለወጥ አድርገው ምድጃውንም፣ ምድጃውን ከቦ የሚኖረውን ቤተሰብም ይሉታል። የፖላንድና የስሎቫክ ተራራ ሰዎች ዘንድ ደጅ የሚነድ ትልቅ እሳት ነው። ከየት መጣ በሚለው ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዱ የሮማኒያ እረኞች ከአልባኒያ ወገን ተቀብለው በየተራራው አዞሩት ይላል፣ ሌላው ከጥንት ፋርሶች ዘመድ ቋንቋ ያመጣዋል፣ ሌላው ደግሞ አይታወቅም ብሎ ይተወዋል። አባባ ሳቁ። «ማንም ያምጣው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው ወግ ያገኘው» አሉ።

ቀጥዬ የሰርቦቹን አነበብኩ። እነሱ ማንኛውንም እሳት ቫትራ ይሉታል፤ የምድጃውንም፣ የሚቃጠል ቤቱንም፣ የጠመንጃ ተኩሱንም። መንገድ ላይ ሲጋራ የሚለኩስበት ያጣ ሰው የማያውቀውን አላፊ አግዳሚ አስቁሞ «ቫትራ አለህ?» ይለዋል።

አባባ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ» አሉ። «ኦኑፍሪ ያለው እዚያው ሰርቦቹ አገር አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ልጄን በየመንገዱ እያስቆሙ ቫትራ አለህ ይሉታል?»

ገጹ ላይ አቀረቀርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይበቃው ነበር።»

የሚቀጥለው መስመር የኛ መንደር ነበር፤ ቁጥር ሠላሳ አንድ። «አንብብ እንጂ» አሉኝ። «ቫትራችንን ልጄ» እስከሚለው ድረስ አነበብኩና ስምህ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ያላሰብኩት ነገር ወጣ፤ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኩ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ክብሪቱስ?»

«ከካፖርቱ ኪስ ወስጄ ነው። እሱ አያውቅም ነበር።»

ለካ ኦዶኪያ የወተቱን ባልዲ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «እንጆሪ የለቀምንበት ቀን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ባልዲውን አስቀመጠችና ወጣች። እስካሁን ምግቤን ታቀርባለች፣ አብራኝ ግን አትቀመጥም። እውነቷን ነው፤ ሳላስፈቅዳት የዚህ ነገር ተካፋይ አድርጌያታለሁ።

አባባ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። ተነስተው የቤቱን መቆስቆሻ ከእጄ ወሰዱ፣ ልክ ከአንተ እንደወሰዱት። አራት ቀን ሙሉ፣ በዚያ በታመመ እግራቸው እያነከሱ፣ ምድጃውን ራሳቸው ሲያነዱ ሰነበቱ። እንጨት ላቀብል ስል «ተው» ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ። «ያንን ገጽ አምጣ» አሉ። የተናገሩትን እሰርዛለሁ ብዬ ነበር፤ እንቢ አሉ። «ብያለሁ፣ ይቆጠርብኝ። ልጄን ሳልጠይቅ የፈረድኩ እኔ ነኝ። አንተ ግን የራስህን ከሥሩ ጻፍ፣ ከነስምህ።» ጻፍኩና ላክሁት። እንግዲህ መጽሐፉ ሲወጣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ሁለት አረፍተ ነገር ይኖራል፤ ሁለተኛው «ቫትራውን ያጠፋሁት እኔ ታናሲ ነኝ» የሚለው ነው። በዚያ ካርታ ላይ ካሉት መንደሮች ሁሉ ቃሉን ከነውርደቱ ያሳተመ የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይገባኛል።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አነሳሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት ጋር ሳስተያየው ያሳፍረኛል። ቢሆንም ይቅር በለኝ። ይቅር ባትለኝም አልቀየምህም።

አሁን የአባባን መልእክት ልንገርህ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታገኛለህ። ጠፍሩ ነው፤ ከአያታችን ጀምሮ ቫትራው የተወለደበት። «ሌላ ጠፍር አልቆርጥም» ብለዋል። «በሰኔ ጠፍሩን ይዞ ከመጣ መስኩ ላይ እሳት ይኖራል፤ ካልመጣ መንጋው ያለ ቫትራ ይውጣ፣ ባለበጎቹም ምክንያቱን ከኔ አፍ ይስሙ።» አንደኛውን ጫፍ አንተ ትይዛለህ። ሁለተኛውን ማን እንደሚይዝ ስጠይቃቸው «ኦኑፍሪ ይምረጥ» አሉኝ። አንተ አትንካ ካልከኝ ከጎጆው ደጅ ቆሜ አያለሁ። ብቻ ና።

ለስታና የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የማታውቀው ዋርሳዋ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ከፈለግህ ንገራት፣ አትደብቅልኝ። ያስናን ጉንጯን ሳምልኝ። ከዚህም ልጃችን ፓራስካ «አጎቴ ሲመጣ የማድርበትን ክፍል እለቅለታለሁ» ብላለች። ኦዶኪያ ከኔ ጋር አትነጋገርም እንጂ ለአንተ የደረቀ እንጉዳይ ከጨርቁ ውስጥ ጨምራልሃለች። ለአባባ «ሰላምታዎን ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላቸው፣ ጠፍሩን በእጃቸው ሲዳብሱ ቆዩና «ሰላምታዬ ይኸው ነው» ብለው ሰጡኝ።

ወንድምህ ታናሲ
ዛሪቺካ፣ ኅዳር 14 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.