በነነዌ ጾም ለፈታኞች ስለቀረበው ዶሮ ወጥ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዲን፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ሰላም ይስጥዎት፤ የቢሮዎንም ወንበር ያመቻችልዎ። አንድም ቀን ተቀምጠውበት ባላገኝዎትም፣ በሩ ገርበብ ሲል እንዳየሁት ጥሩ ወንበር ነው። ኮሌጅዎን በስሙ ያልጠራሁት ከአክብሮት ብቻ ሳይሆን ልጄ ገና ስላልተመረቀች ነው።

እኔ የቀራንዮ ነዋሪ፣ ባሌ የሞተብኝ፣ ፊደል በራሴ ጊዜ የለመድኩ ሴት ነኝ። ልጄ ሄቨን በየነ በእርስዎ ኮሌጅ የፋይናንስ ሕግ ማስተርሷን ስትማር ቆይታ፣ ባለፈው የነነዌ ሰሞን የመመረቂያ ጥናቷን ይዛ ፈታኞች ፊት ቀርባ ነበር። ጥናቷ የባንክ ተቆጣጣሪዎች ከሚቆጣጠሯቸው ባንኮች ግብዣና ስጦታ ሲቀበሉ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ እሷ እያስረዳችኝ ነው የተከታተልኩት፤ ባጭሩ መርማሪ ከሚመረምረው ሰው ማዕድ አይብላ ይላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይልቁንም ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። የክፍሉ ጸሐፊ አቶ ቀዳማዊ ቀኑን ሲነግራት «የፈታኞቹን ምሳ መቼም አትረሺም» ብሎ በትሕትና አሳስቧታል። ኮሌጅዎ ለተማሪዎች የሚያድለውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ገጹ ኅዳግ ስፋት፣ ስለ ፊደሉ መጠን፣ ስለ ጥራዙ ቀለም ሳይቀር ይናገራል፤ ስለ ምሳ ግን አንድም ቃል የለውም። ሳይጻፍ ይህን ያህል የሚከበር ሕግ ሌላ ቦታ አላየሁምና፣ ለአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ትልቅ ክብር ነው።

ሄቨን «እማዬ፣ ግብዣ ያበላሻል ብዬ ጽፌ ድስት ተሸክሜ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላኝ ነበር። «ሰው የሚልሽማ ባዶ እጅሽን ስትገቢ ነው! ዝም ብለሽ ያዢ» አልኳት። ባዶ እጄን ሐኪም ደጅ ቆሜ አባቷን ያጣሁ ሴት ነኝና ክርክሯን አልሰማኋትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አልጭነውም፤ የራስዎ ይበቃዎታል።

ሁለተኛ፣ ጾሙን በተመለከተ በሙሉ ልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኛ ሰፈሩ ጴንጤ የሚለን ነን። ሽንኩርት የከተፈችልኝና ትልልቆቹን ድስቶች ያዋሰችኝ ጎረቤቴ ፈትያ ደግሞ ሙስሊም ናት። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ሁለታችንም እናውቀው ነበር፤ ይህች በየዓመቱ ቀኗን የምትቀያይር ነነዌ ግን አመለጠችን። ሰኞ አየር ጤና ላይ ዶሮ እንዲያ ረክሶ ስናገኝ ፈትያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እኔም «ጌታ ይመስገን» አልኩ፤ ለምን ረከሰ ብለን ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ማክሰኞ ሄቨን ጥናቷን አቀረበች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የጠየቋትን ሁሉ መለሰች፤ አንደኛው ፈታኝ «በጣም ጥሩ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ስለ ውጤቷ ሊመካከሩ ምሳው ወደተዘረጋበት ክፍል ገቡ። ክዳኑ ሲነሳ «ኧረ ነነዌ ናት ወገን! ይቺ ልጅ ልታስገድፈን ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ። ሲወጡ ፊታቸው ሲገቡ የነበረው አልነበረም። «ጥልቀት ይጎድለዋል፣ ኅዳጉም ጠቧል፣ በድጋሚ ይቅረብ» ተባለ። ድስቱ ተከድኖ ሳለ ጥልቀት የነበረው ጥናት ድስቱ ሲከፈት እንዴት እንደጎደለው የሚያስረዳኝ ምሁር ካለዎት ባገኘው ደስ ይለኛል። ለጾማቸው ያላቸውን ጥንቃቄ ግን አደንቃለሁ። የከበዳቸው ዶሮ መሆኑ ነው እንጂ የተፈታኝ ምሳ መሆኑ አልነበረም።

ሦስተኛው የመጣሁበት ጉዳይ ነው። ሄቨን እስከ መጋቢት መጨረሻ በድጋሚ ካልቀረበች ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ የተማረችው ሁሉ እንዳልተማረች ይቆጠራል። ይህኛው በመመሪያው ውስጥ በደንብ ተጽፏል። ቀን ይቆረጥላት ብለን ስንመላለስ ግን «ፈታኞቹ አልተመቻቸውም» እንባላለን፤ ያስገባሁት ማመልከቻም መልስ አላገኘም። ልጄ አንድ ቀን እንኳ «ባንቺ የተነሳ» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ከሥራ ስትገባ ተቀምጣ ኅዳግ ታሰፋለች።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከብዙ ሥራዎ መካከል ጥቂት ጊዜ ሰርቀው ቀን እንዲቆርጡላት፣ መቀጣት ያለበት ሰው ካለም ወጡን የሠራሁትን እኔን እንዲቀጡ በትሕትና እለምናለሁ። በኮሌጅዎ ስላልተመዘገብኩ ሊሰርዙኝ አይችሉም፤ ሌላ መንገድ ግን እንደማያጡ ሙሉ እምነት አለኝ።

በትዕግሥትዎ እየተደነቅሁ፣ በተዘጋው በርዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ መልስዎን የምጠባበቅ፣ ለዶሮው ሙሉ ኃላፊነቱን የምወስድ፣

ዘመነች ዳባ
ከቀራንዮ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህ ደብዳቤ ሊወጣ መሆኑ እንደተሰማ አቶ ቀዳማዊ ደወለልኝ። ቀን ተቆርጧል፤ መጋቢት ሳያልቅ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ እንግዲህ ሁዳዴ ስለሆነ ምስርና ሽሮ ቢሆን ይመረጣል» አለኝ። ሄቨን የምትይዘው ጥናቷን ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ብትወድቅ በጥናቷ ወደቀች፣ ብታልፍም በጥናቷ አለፈች እንላለን። እስከ ዛሬ ካስመረቋቸው ስለ ስንቱ እንዲህ ማለት እንደሚቻል ግን እርስዎ ያውቃሉ።