በጊቱና የእድሩ ጠረጴዛ

ማክሰኞ

የአሻንጉሊቷ በግ እግር አሁንም ይንሸራተታል። የውስጡን ሽቦ ቀይሬ ሱፉን መልሼ ሰፋሁ። ከወርቅ ሠሪ በገዛሁት ወረንጦ እግሯን ትንሽ አነሳለሁ፣ ፎቶ። ደግሞ ትንሽ፣ ፎቶ። ፎቶዎቹ ሲቀጣጠሉ በፊልሙ ላይ የምትራመድ ትመስላለች። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ በጊቱ የድልድዩን ግማሽ አልደረሰችም።

የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ኃላፊ ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዘኝ። «ፊልሙን እስከ ዓርብ ካላመጣሽ የልጆቹን ሰዓት ለውጭ ካርቱን እሰጠዋለሁ። ለዘለቄታው ነው የምልሽ» አለ። ሌላ ሥራ የለኝም።

ጎረቤቴ ጋሽ ወርቁ ሕመሙ ብሶባቸዋል።

ረቡዕ

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ዛፎቹን የተከልኩት በእድሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የእድሩ ዕቃ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው። ጠንካራውን መርጬ ሁሉንም በሚስማር መታሁበት። አላስፈቀድኩም። ጋሽ ወርቁ ካረፉ ለድንኳኑ ሊወስዱት ይመጣሉ። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ እስካሁን ያነሳሁት ፎቶና ገና የማነሳው አይገጥምም።

ልጠይቃቸው ገባሁ። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሚስታቸውን እትዬ ዘነቡን ጠየቅኩ። ለሳቸው ብዬ አልነበረም።

ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «አንቺ፣ ቀኑን ሙሉ ሚስማር የምትመቺው ሳጥኔን እየሠራሽልኝ ነው?» አሉ።

«ኧረ በስማም በሉ!» አሉ እትዬ ዘነቡ። እኔ ፊቴ ጋለ።

እቤት ገብቼ እስከ ዓርብ እንዲያቆያቸው ጸለይኩ። ከዓርብ በኋላ ስላለው ምንም አልጨመርኩም።

ሐሙስ

ጠዋት ከጋሽ ወርቁ ቤት የሴት ጩኸት ሰማሁ። «አባዬ! አባዬ!»

ወረንጦው ከእጄ ወደቀ። በጊቱ ለመሻገር ትንሽ ነበር የቀራት። የእድሩ ወጣቶች መጥተው በለቅሶ ጠረጴዛ ላይ ወንዝ እንዲያገኙ አልፈለግኩም። ሚስማሩን በጉጠት ነቀልኩ። ድልድዩ ለሁለት ተሰበረ። ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

ስገባ ጋሽ ወርቁ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አጥሚት ይጠጣሉ። የጮኸችው ከደሴ የመጣችው ልጃቸው ናት። ከስተው ስታያቸው ደንግጣ ነው።

ነጠላዬን አዩና፣ «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩ።

እቤት ተመልሼ አለቀስኩ። በደስታ ነው ብዬ አልዋሽም።

ዓርብ

ድልድዩ አልጠገን አለ። ሙጫ፣ ክር፣ ሽቦ፤ እምቢ። ረፋድ ላይ ተውኩት። ይሰበር አልኩ፤ በታሪኩም ይሰበር። ድልድዩን ከነስብራቱ ወለል ላይ አስቀምጬ በጊቱን ከቅርብ አነሳኋት። ውሃ ውስጥ ትወድቃለች፣ ወዲያ ማዶ ትወጣለች፣ ሱፏን ታራግፋለች። ከቅርብ ስለሆነ አለመግጠሙ አይታወቅም።

ላኩለት፤ ኃላፊው አይቶ ደወለ። «ስትወድቅ ልጆቹ ቢያለቅሱስ?»

«ትወጣለች እኮ» አልኩት።

«እስቲ እናያለን» ብሎ ዘጋ። ይተላለፋል አላለም፣ አይተላለፍም አላለም።

ጠረጴዛው ባዶ ነው። አሁን መጥተው ቢወስዱትም ግድ የለኝም።

ይሄን ጽፌ መልሼ አነበብኩት፤ ይውሰዱት ማለት ጋሽ ወርቁ ይሙቱ ማለት ነው። አልሰረዝኩትም። ልሂድና ጋሽ ወርቁን ልያቸው።