የቀለም ቀቢው ልጅ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን

ለምወድህም ለምፈራህም አባቴ፣

ወገብህ ተሽሎህ፣ እማዬም ስኳሯን እየተጠነቀቀች፣ ይህ ወረቀት ሁለታችሁንም በደህና ያግኛችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ ብልህ አታምነኝም፤ ክንዴ ግን ወፍሯል። ለምን እንደወፈረ አሁን እነግርሃለሁ።

እሁድ እሁድ እየደወለች ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ብነግርህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ አይዘጋም፤ ቀደህ ብትጥለው እንኳን እማዬ ለቃቅማ፣ ገጣጥማ ታነበዋለች። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ቁጭ በል።

አባዬ፣ ቢሮ አልሠራም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሠርቻለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ስዋሽህ ነበር። ቀለም ቀቢ ነኝ። "ብሩሹ በእኔ ይብቃ" ብለህ ሂሳብ አያያዝ አስተምረህ የላክኸኝ ልጅህ ይኸው ቱታ ለብሼ መሰላል ላይ ነኝ። አሁን ተነሥና ግቢውን አንድ ሁለቴ ዞረህ ተመለስ፤ ቀሪው ደስ የሚል ነው።

ነገሩ የመጣው ከቤታችን ነው። እንደምታውቀው የምኖረው ከኮማንደር ጋር ነው፤ ልጅ ሆነን የሰፈሩን ሕፃናት ሰልፍ ስታስይዝ አይተህ ይህን ስም ያወጣህላት አንተው ነህ። ያ አመሏ እዚህም አልተዋትም። ሦስት ክፍል ባለው ቤት አምስት ሴቶች ነን፤ እኔና እሷ አንዱን ክፍል እንጋራለን። ማቀዝቀዣው በር ላይ የሻወር ተራ የለጠፈችው እሷ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ደቂቃ። አሥራ ሦስተኛው ላይ በሩን ትደበድበዋለች፤ ሳሙና ዓይንሽ ውስጥ ገባ አልገባ ጉዳይዋ አይደለም። መጀመሪያ ያኮረፏት ሦስቱ ልጆች አሁን እሷን ሳያማክሩ አምፖል እንኳን አይቀይሩም። እንደመጣሁ አልጋዋን ለቃልኝ ሦስት ሳምንት መሬት የተኛችው፣ እሷ ካለችበት ቢሮ ያስገባችኝም እሷ ናት። ስትጸልይ አትርሳት።

እንግዲህ ኮማንደር ሁሉን ትችላለች፣ ማብሰል ግን አልተፈጠረላትም። አንድ ዓርብ ከሰዓት ድንች ልጥበስ ብላ ዘይቱን ጥዳ ስልክ ታወራለች። ዘይቱ ተቀጣጠለ። በክዳን አፍነን አጠፋነው፣ ማንም አልተጎዳም፤ ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ግን እስከ ኮርኒሱ ጠቁሮ ልስኑ ተነሣ። አከራያችን ወር በገባ ቁጥር ቤቱን ዞራ ታያለች፤ ወር የሚገባው ደግሞ ሰኞ ነው። ውላችን ላይ ጉዳት ያደረሰ ቤቱን ይለቃል ተብሎ ተጽፏል። ያቺ ማንንም የማትፈራ ልጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሻንጣዋን ታይ ጀመር። አንጀቴን በላችው።

"አባቴ ቢኖር እስከ እሁድ ይጨርሰው ነበር" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና "አባትሽ የለም፤ አንቺ ግን አለሽ" አለች።

ቅዳሜ በጠዋት እስቱኮ፣ ስፓቱላ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ገዝተን ገባን። ጥላሸቱን በሳሙና አጠብኩ፣ የተነሣውን ልስን ጤነኛው ጋ እስክደርስ ላጥኩ፣ የተላጠውን እንዲሞላልኝ እስቱኮውን እየደረቀ ስስ ስስ አድርጌ ሦስቴ ቀባሁ። ይህን ላንተ መተረኬ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው፤ ግን ታገሠኝ፣ ልኩራበት። የከበደኝ ቀለሙን ማመሳሰል ነበር። ነጭ ነው ይሉታል እንጂ ስንት ዓመት የወጥ ቤት እንፋሎት የጠጣ ነጭ፣ ነጭ አይደለም። እንዳንተ ጣቴን እየነከርኩ ስሞክር፣ ቢጫ ጠብ ሳደርግ፣ ቡናማ ጠብ ሳደርግ፣ በሰባተኛው ገጠመልኝ። እሁድ ከሰዓት መጋረጃውን ዘግቼ ባትሪ ግድግዳው ላይ በጎን አስተኝቼ አበራሁበት። ከፊት ሲያበሩበት ይዋሻል፣ በጎን ሲያበሩበት ይናዘዛል ትል የለ? ሁለት ጉብታ ተናዘዘልኝና ፈግፍጌ አስተካከልኳቸው።

ሰኞ አከራያችን መጣች። ወጥ ቤት ገባች፣ ዞር ዞር አለች፣ ወጣች። ተገላገልን ብዬ ሳልጨርስ ኮማንደር ምን ብትል ጥሩ ነው? ግድግዳሽን አቃጥዬው ነበር ብላ ቁጭ። እግሯን ረገጥኳት፣ ወይ ፍንክች። ሴትዮዋ ተመልሳ ገባችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ዳሰሰችው። አላገኘችውም። የቱ ጋ እንደሆነ እኔ ራሴ በጣቴ ባሳያት እንኳን አላመነችም። አላገኘችውም አባዬ! በመጨረሻ ማን እንደሠራው ጠየቀች፤ ኮማንደርም ደረቷን ነፍታ "ይቺ ናት። የቀለም ቀቢ ልጅ ናት" አለቻት።

ከቤት አልወጣንም። የሴትዮዋ ወንድም ቤት የሚያድስ ተቋራጭ ኖሮ በሳምንቱ አስጠራኝ። ኮማንደር ለምና ያስገባችኝን ቢሮ ስለቅባት ታኮርፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ስቀሽ አላየሁሽም ብላ፣ ለቱታዬ ማንጠልጠያ ራሷ በሩ ላይ መታችልኝ።

አሁን ስድስት ቀቢዎች ነን፤ ሴት እኔ ብቻ። መጀመሪያ ባልዲ አሳጠቡኝ፣ አጠብኩ። ዛሬ ግን ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበትን መስመር የሚለጠፍ መከለያ ፕላስተር ሳልጠቀም፣ በባዶ እጅ የምስበው እኔ ነኝ። ባለፈው አለቃችን ሁሉንም ጠርቶ እጇን እዩ አላቸው። እነሱ የኔን እጅ ሲያዩ እኔ ያየሁት ያንተን ነበር። እንባዬ መጣና አቧራ ነው አልኳቸው።

ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ቢሮ ናት ማለትህን አውቃለሁ። ያንን ከቤተሰቦቿ ስትሰማ ኖራ ነው ኮማንደር እሁድ ካንተ ጋር ባወራሁ ቁጥር የምትገላምጠኝ። "የግድግዳውን እኔ ተናግሬያለሁ፤ ያንቺን አንቺ ተናገሪ" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት አሳምረህ በጓሮ በር ስለወጣህ የተዋረድክ መስሎህ ነው ከብሩሽ ያራቅኸኝ። እኔ ግን ከጓደኞቼ ጋር ሳልፍ ያንን ፎቅ አባቴ ነው የቀባው እያልኩ ነው ያደግኩት። አንድም ቀን አፍሬብህ አላውቅም። የማፍረው በዋሸሁህ ነው፤ ለእሱ ይቅር በለኝ። ለሥራዬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይሄ የሥራ ጥያቄ ነው። አንድ የቆየ ቤተ መጻሕፍት እያደስን ነው። የታችኛው ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፤ በቀባነው በወሩ ነጭ ዱቄት እያወጣ ቀለሙን ያነሣዋል። አለቃዬ ደርበን እንቀባው ይላል፤ እኔ አይሆንም ብያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤቱ መጋዘን እንዲሁ ሆኖ አንተ አድነኸዋል። ምሳህን ይዤ መጥቼ ቆሜ አይቻለሁ። ቀለሙን ጨርሰህ ፋቅከው፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጠረግከው፤ ከዚያ ባልዲ ውስጥ አንድ ነገር መበጥበጥ ስትጀምር ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ ብለህ አባረርከኝ። ምን ነበር የበጠበጥከው? ስንት ቀንስ ጠበቅከው?

አለቃዬን "ይህን የሚያውቅ ሰው አለ፣ ልጠይቀው" አልኩት። ማነው ቢለኝ፣ ሥራውን ያስተማረኝ ነው አልኩት። እጅህ ያብጅ፣ ዕድሜህ ይርዘም፤ ጉልበትህን ስሜያለሁ፣ እማዬንም ሳምልኝ። መልስህ እስኪደርሰኝ ያንን ግድግዳ ማንም አይነካውም።

ልጅህ፣
ቀለም ቀቢዋ