በሰም ስለታሸገችው ብሎን

ሲቀላ፣ ጥር 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሸዋንዳኝ፣ የዕቃ ቁጥጥር ኃላፊ
ሴቻ

ክቡር ሆይ፣ የሴቻ ነፋስ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፣ የማኅተምዎም ቀለም አይድረቅብዎ እያልኩ እጅ እነሳለሁ። የምጽፍልዎ በቢሮዎ መተላለፊያ ስላለው አግዳሚ ወንበር ነው። ብቅ ያለች አንዲት ሚስማር በሦስት ቀን ደጅ ጥናት ሱሪዬን ቀዳዋለች። አልቀየምኳትም፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሥራዋን በትጋት ስትሠራ ያየኋት እሷን ብቻ ነው። ካነሣሁ አይቀር ግን፦

1ኛ. የእህቴ ልጅ ፀደይ የካምባ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የክትባት ፍሪጇ የሚሠራው ከፀሐይ በሚሞላ ባትሪ ነው። ባትሪው ውሃውን በየቀኑ እየጨረሰ፣ ፍሪጁም እየሞቀ ቢያስቸግራት፣ «አጎቴ፣ አፍህን ብቻ ሳይሆን እጅህንም ይዘህ ና» ብላ ላከችብኝ። ሄድኩ።

2ኛ. ገመዱን ፈተሽኩ፣ የባትሪውን ጫፎች ጠረግሁ፤ ጥፋቱ ከዚያ አልነበረም። ቀትር ላይ በሜትር ስለካው አሥራ ስድስት ቮልት አለፈ። ይህ ባትሪ አሥራ አራት ተኩል ሲደርስ «በቃ» ሊባልለት ይገባል። «በቃ» ባዩ ሬጉላተር የሚባለው ሳጥን ነው፤ እሱ ግን ጠገብኩ የሚልን እንግዳ በግድ እንደሚያጎርስ ባለቤት ሆኖ ባትሪውን ያፈላዋል።

3ኛ. መድኃኒቱ አንዲት ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሳጥኑ ሰፊ ቦታ ሞልቶት ሳለ፣ ቢሮዎ የዕርዳታ ዕቃ እንዳይነካካ ብሎ ቀይ ሰሙን ያፈሰሰው፣ ማኅተሙንም ያሳረፈው በዚያችው ብሎን ላይ ነው። ፈቃድ ስጠይቅ የንብረት ክፍልዎ ሠራተኛ፣ «ኦይታ፣ ማኅተሙን ሳትሰብር አስተካክለው፤ ማን ከለከለህ?» አሉኝ። ለዚህ ጥበብ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማኅተሙ ቢሰበር የምትከሰሰው ፈርማ የተረከበችው ፀደይ ናት፤ ክትባቱ ቢበላሽም የምትከሰሰው እሷው ናት።

4ኛ. ኩፍኝ ከካምባ አጠገብ ያለ ቀበሌ ገብቷል። እናቶች የተቀጠሩት ለቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ፀደይ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አቆይታዋለች፤ በረዶው ከነገ አያልፍም። ማኅተም እንዲነሣ የሚፈቅደው ኮሚቴዎ የሚሰበሰበው በየካቲት ስለሆነ፣ ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም እንዲታገሥ ለኩፍኙ ደብዳቤ ቢጽፉለት መልካም ነበር።

5ኛ. ስለ ኮሚቴዎ አበል በአክብሮት

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ በሬ ተንኳክቶ ነው ያቋረጥኩት። የመጣው ጨርሶ ያልጠበቅሁት ሰው፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ እንድሪያስ ነው፤ ከካምባ በጭነት መኪና ወርዶ። መሐረቡን ሲፈታ ቀይ ሰም ታየኝ። ሬጉላተሩ ትናንት ቀትር ላይ ግሎ፣ ማኅተምዎ ቀልጦ ወለል ላይ ወርዷል። «ጋሼ፣ እግዜርን፣ ማንም አልነካውም፤ ራሱ ነው የወረደው!» እያለ ይምላል። ፀደይም ሦስት ምስክር አስፈርማለች። መኪናው ተመላሽ ነው፣ ጥሩንባውንም እየነፋ ነው፤ ካቻቢቴዬን ይዤ መሄዴ ነው።

አንድ እጄን ለክብርዎ ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሌላው ጫማዬን እያሰርኩ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ትምህርት ቤት ያልደረሰው ራዲዮ ጠጋኝ
ኦይታ ኤርጫፎ

ግልባጭ፦
በሲቀላ ገበያ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ሰሙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የመንግሥት ንብረት ነውና በሞዴል 19 ገቢ ያድርጉልኝ። ከቢሮዎ የወጣ ነገር ለካምባ ሕፃናት ሲለሰልስ ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነው።