ባለቤቴ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ለገዳሙ አለቃ የቀረበ ትሁት ጥያቄ

ለክቡር ስዋሚ ቪራማናንዳ
የቪራማ ኒላያም ገዳም አለቃና የብዙኃን መምህር
ካቬሪ ወንዝ ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እግር አጣጥፈው ሲቀመጡ እንዳያምዎ፣ ጉሮሮዎም ከማለዳ እስከ ማታ ስለ ዝምታ ሲያስተምሩ እንዳይደርቅ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ከገዳምዎ በር ፊት ለፊት ኢድሊ የሚባለውን የሩዝ ዳቦ በእንፋሎት አብስዬ የምሸጠው አላሜሉ፣ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ደኅና ይሁን አይሁን ግን የማውቀው ነገር የለም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌ በሱቄ በር ላይ ለመለጠፍ የተገደድኩትም ስለዚሁ ነው።

ደቀ መዛሙርትዎ ብዙ ስለሆኑ ባሌ የትኛው እንደሆነ ላስታውስዎ። ባሌ ሳራንጋፓኒ ይባላል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከመብራት ቢሮ ጡረታ በወጣ ሰሞን «የሦስት ቀን ሱባዔ ልግባ» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም «ሂድ፣ ጃንጥላህን ግን እንዳትረሳ» አልኩት። ጃንጥላውን ረሳው፤ እሱም በዚያው ቀረ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ወንዙ ዳር ፀጉሩን ተላጭቶ፣ የራሱን የሞት ሥርዓትና ተዝካር በራሱ እጅ ፈጽሞ፣ ለዓለም ሞቶ፣ ብርቱካንማ ልብስ ለብሶ፣ ስዋሚ ኒርሞሃናንዳ ተብሎ ተነሥቷል፤ ትርጉሙም «ከፍቅረ ዓለም ነፃ የወጣ» ነው አሉኝ። በአባቶች ሥርዓት ባለትዳር ሰው ሲመንን የሚስቱ ፈቃድ ይጠየቃልና የእኔስ ፈቃድ የት አለ ብዬ ስጠይቅ፣ ያ ስለ ጃንጥላው የተናገርኩት ቃል እንደ ፈቃድ መቆጠሩን ተነገረኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ቃሌ ያን ያህል ክብደት ኖሮት አያውቅም፤ ስላከበራችሁልኝ አመሰግናለሁ።

እስከዚህ ድረስ ችዬው ኖሬያለሁ። አሁን ግን በመጪው ጥር ልጃችን ቫይዴሂ ታገባለች። እንደሚያውቁት በእኛ ወግ ሙሽሪት በአባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የጋብቻው ክር በአንገቷ ይታሰርላታል፤ አባት እጇን ለሙሽራው ሲሰጥ ከጎኑ ሆና ውኃውን የምታፈሰው እናት ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ግን ገደ ቢስ ናት ተብሎ ውኃ አታፈስም፤ የሠርጉ መድረክ ላይም አትወጣም፤ ከኋላ ከወጥ ቤቱ በኩል ቆማ ልጇን በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ታያለች። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ፓድማሳኒ ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥተው፣ የቀረበላቸውን ኢድሊ በልተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «አላሜሉ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ሰው የሚለውን ነው የምልሽ። አንቺ ባለትዳር ነሽ ወይስ ባልሽ የሞተብሽ? ለይተሽ ንገሪኝና ዘመዶቼን አፋቸውን ላስይዝ።» እኔም «ቆይ፣ ጠይቄ ልንገርዎ» ብዬ ሌላ ኢድሊ ጨመርኩላቸው። መልሱ እርስዎ ዘንድ ነውና ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የሠርጉን ጥሪ ይዤ ስመጣ በር ላይ የሚቀመጡት ወንድም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው «እናቴ፣ ያልሽው ሰው የለም፤ ለዓለም ሞቷል» አሉኝ። «እንግዲያውስ ሬሳውን ስጡኝ፤ እንደ ወጉ አልቅሼ ላቃጥለው» ብላቸው ወዲያው የዝምታ ሰዓታቸው ደረሰ። ዝምታ ምን ያህል ጠቃሚ ነገር እንደሆነ በዓይኔ ስላሳያችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፦ ይኸው የሞተ ሰው በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ በገዳሙ መኪና ተጭኖ ጡረታ ቢሮ ይሄድና ጡረታው እንዳይቋረጥ በሕይወት መኖሩን በጣት አሻራው ያረጋግጣል። ከዚያ ተመልሶ በሩን እንዳለፈ እንደገና ይሞታል። በዓመት አንድ ቀን የሚነሣ ሙት አይቼም ሰምቼም አላውቅም፤ ገዳምዎ እንዲህ ያለ ተአምር የሚሠራ ከሆነ ለምን ለሕዝብ እንደማይነገር አይገባኝም። ልጁን የሚድርበትን ጠዋት ከኅዳሩ ቀን ጋር ቢያለዋውጡልኝ ምን ነበረበት?

ሦስተኛ፦ አንድ ቀን በአጥሩ ክፍተት አየሁትና ጠራሁት። ቀረብ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እናቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን» አለኝ። ለመነነ ሰው ሴት ሁሉ እናቱ መሆኗን እኔም አላጣሁትም። ቢሆንም ክቡር ሆይ፣ ይህንን ሰው እኔ አልወለድኩትም፤ የወለዱት አማቴ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እሳቸው እንኳ «ይህን ልጅ ላንቺ ትቼልሻለሁ» ብለውኝ ነው የሞቱት። እሳቸው ሲሞቱ ግን በእውነት ነው የሞቱት።

አራተኛ፦ ከውጭ አገር ለሚመጡት ሱባዔኞች ስለ መተው፣ ስለ መልቀቅና ከነገር ሁሉ ስለ መላቀቅ የሚያስተምረው እሱ መሆኑን በግቢው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶው ተረድቻለሁ። ደስ ብሎኛል። ጥቅል የታሰረበትን ክር ሁሉ ሳይቆርጥ ፈትቶ፣ ጠቅልሎ በቆርቆሮ ጣሳ የሚያስቀምጥ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ እንኳ ስጥል ተከትሎ ከቆሻሻ የሚያወጣ ሰው ነበር። ጣሳዎቹ ዛሬም አልጋዬ ሥር ናቸው። ስለ መተው ለሚያስተምረው ትምህርት መርጃ የሚያስፈልጉ ከሆነ በነፃ እልካቸዋለሁ።

አምስተኛውን ቅሬታዬን ዘይቱ ሲያርብኝ ልይ ብዬ ተነሥቼ ረስቼዋለሁ፤ ከባድ ነገር ነበር፤ ሳስታውሰው አሳውቅዎታለሁ።

ስድስተኛ፦ በር ላይ በሚቀመጡት ወንድም በኩል የላኩልኝን የማስታረቂያ ሐሳብ በአክብሮት ተቀብያለሁ። ስዋሚ ኒርሞሃናንዳ ለመባረክ ብቻ ሠርጉ ላይ ተገኝቶ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሙሽሮቹም እኔም በተራ እግሩ ላይ እንድንወድቅ ነው የተባለው። ልጄ ጭኑን ጠየቀች፤ እናንተ እግሩን ላካችሁላት። ያንን እግር እኔ አውቀዋለሁ። በየበጋው ተረከዙ ሲሰነጣጠቅ የሰሊጥ ዘይት እያሞቅሁ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እያለቀሰ ነበር የሚቀባው። ያን ጊዜ ማንም ቅዱስ እግር ነው አላለኝም።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋታ ነው የጻፍኩት፤ አሁን ግን ተናድጃለሁ። ሰው ለምን መነነ አልልም። ወንድ አያቴም በስተርጅናቸው መንነዋል፤ ግን ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው፣ ሴት አያቴን አስፈቅደው፣ በርበሬያቸውን እንኳ አስፈጭተው ነው የሄዱት። ያለ እሱ መኖርም ለምጃለሁ፤ አልጋው ሰፍቶልኛል፣ ማንኮራፋቱም ቀርቶልኛል። የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያችን ልጅ ሆዴ ውስጥ ተሸክሜ፣ ኢድሊ ሸጬ አስተምሬ፣ በሠርጓ ቀን ከድስቶቹ ጋር ከኋላ መቆም አልችልም። ቫይዴሂ ትናንት ፀጉሯን ስጎነጉንላት «እማ፣ የአባዬ ጭን ቢቀርብኝም ግድ የለም፤ ዞር ስል አንቺን ካጣሁሽ ግን አለቅሳለሁ» አለችኝ። ጉንጉኑን ሦስት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጎነጎንኩት።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ እለምናለሁ። ሞቷል ካሉኝ፣ የአንገቴን ክር በጥሼ፣ አምባሬን ሰብሬ፣ የግንባሬን ቀይ ነጥብ አጥፍቼ፣ እድሌን ተቀብዬ ወደ ወጥ ቤት እሄዳለሁ፤ እናንተም ለጡረታ ቢሮው ሐዘናችሁን ትገልጻላችሁ። አልሞተም ካሉኝ ደግሞ ለአንድ ጠዋት ብቻ ነጭ ሽርጥ ለብሶ ይምጣ፤ ልጁን ይስጥና ከፈለገ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሙት። ካህናችን ሴሻድሪ መጻሕፍቱን ሁሉ አገላብጠው «አላሜሉ፣ ግማሽ ሙት የሚባል ነገር የለንም» ብለውኛል።

እስከ ጨለማዋ ጨረቃ ቀን ድረስ መልስ ካላገኘሁ ግን የአባቶችን ሥርዓት እከተላለሁ። ሙታን በዚያ ቀን በቁራ ተመስለው ሊበሉ ይመጣሉ። የሟቹን መብል፣ ማለትም ሩዝና ቫዳ የሚባለውን ትኩስ የምስር ጥብስ፣ በሙዝ ቅጠል አድርጌ በገዳሙ በር ምሰሶ ላይ አስቀምጣለሁ። ቁራው ከበላው ሞቷል፤ ነገሩም ያበቃል።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም በትዕግሥት ስላላነበቡልኝ፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከእግርዎ ትቢያ ዝቅ ብዬ፣ ከበርዎ ፊት ለፊት ግን በርጩማዬ ላይ ተደላድዬ ተቀምጬ መልስዎን የምጠብቅ፣

የሳራንጋፓኒ ሚስት፣ ወይም የሟቹ ሳራንጋፓኒ ሚስት (የማይመለከተውን እርስዎ ይሰርዙልኝ)፣
አላሜሉ፣ ባለ ኢድሊዋ

ማስታወሻ፦ ይህ ከጨለማዋ ጨረቃ ቀን በኋላ የተጨመረ ነው። መልስዎ ስላልደረሰኝ፣ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ በቃሌ መሠረት ቅጠሉን ምሰሶው ላይ አስቀመጥኩ። ካህኑ ሴሻድሪና ወይዘሮ ፓድማሳኒ ምስክር እንዲሆኑኝ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁራው መጣ። አጥሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ሰበር ቀና እያደረገ ቫዳውን ሲያይ፣ አምባሬን በሌላ እጄ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ። ሊወርድ ክንፉን ሲዘረጋ በሩ ገርበብ አለና አንድ ብርቱካንማ እጅጌ ወጥቶ ቫዳውን አነሣው። ቀጥሎ የተላጨው ራስ ወጣ። አኘከ፣ አሰበ፣ ወደ እኔ አየና «አላሜሉ፣ ጨው አነሰው» አለኝ። እናቴ አላለኝም።

ካህኑ ሴሻድሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሙት ስለ ጨው አይናገርም፤ ሰውዬው አለ» ብለው ፈረዱ፤ ወይዘሮ ፓድማሳኒም «በይ እንግዲህ፣ ውኃውን የምታፈሺው አንቺ ነሽ፤ የዘመዶቼን ነገር ለኔ ተይልኝ» አሉኝ። ለቁራው ሌላ ቫዳ ሰጥቼዋለሁ፤ ከሁላችሁም ይልቅ ሥርዓት ያለው እሱ ነበር። ነጩን ሽርጥ ተኩሼ፣ ከረሳው ጃንጥላ ጋር በገዳሙ በር ላይ ሰቅዬዋለሁና ይድረሰው ይበሉልኝ። ባይመጣም አይጨነቁ፤ አባት ሩቅ አገር ሲሆን በእሱ ፋንታ የተቀደሰ ሣር ታስሮ ከሚስቱ ጎን እንደሚቀመጥ ካህናችን ነግረውኛል። ሣሩ እንኳ ቢያንስ ጨው አነሰው አይለኝም።